ሀሁን የጨረሰ ልጅ «ደሴ»ን ማንበብ ለምን ያቅተዋል?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ፣ በወልድያም ሆነ በመርሳ፣ ልጁን ኬጂ ያስገባ ወላጅ በዓመቱ መጨረሻ መምህሯን የሚጠይቃት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሀሁን ጨርሷል ወይ?» የሚል። ልጁም አብዛኛውን ጊዜ አያሳፍርም፤ ከ«ሀ» ተነሥቶ እስከ «ፐ» እያዜመ ይወርደዋል። ጉድለቱ የሚታየው አንደኛ ክፍል ገብቶ «ደሴ» የሚል ባለ ሁለት ፊደል ቃል ሲቀርብለት ነው። ዝም ይላል፤ ወይም የመምህሩን ፊት እያየ ይገምታል። ያን ጊዜ ወላጅ ልጁ ሰነፈ ይላል፣ የአንደኛ ክፍሉ መምህር ኬጂው አላስተማረውም ይላል፣ ኬጂው ደግሞ ፊደሉን አስጨርሰን ነው የሸኘነው ብሎ ይከራከራል። ሁሉም የሚያወሩት ስለ አንድ ችሎታ እየመሰላቸው ስለ ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ነው።

ጉዳዩ አሁን ይበልጥ መነጋገሪያ የሆነበት ምክንያት አለ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአንደኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት የቅድመ አንደኛ ትምህርት እንዲኖር አድርጓል። ቀደም ሲል በአመዛኙ የከተማ ልጆች በግል መዋዕለ ሕፃናት ያገኙት የነበረው ትምህርት፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ «ዜሮ ክፍል» እየተባለ ወደ ገጠር ቀበሌዎችም ገብቷል። ስለዚህ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ ስለ ንባብ ምን ይሰጥ የሚለው ጥያቄ የጥቂት ወላጆች ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ጥያቄው ቀላል አለመሆኑን የሚያሳይ ማስረጃም አለን፤ በ2002 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደ የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስት አንድ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚያ ልጆች ሀሁ ሳይቆጥሩ ሁለተኛ ክፍል ደረሱ ብሎ የሚያምን መምህር የሚገኝ አይመስለኝም።

ፊደል መቁጠርና ማንበብ በምን ይለያያሉ?

ፊደል መቁጠር ማለት ፊደላቱን በተሰለፉበት ተራ በቃል መያዝ ነው። ማንበብ ግን ከተራው ውጪ፣ የትም ቦታ የተገኘን ፊደል አይቶ ድምፁን ማውጣት፣ ድምፆቹን አጋጥሞ ቃል ማድረግ፣ ቃሉንም ቀድሞ ከሚያውቀው ነገር ጋር ማገናኘት ነው። የመጀመሪያው የጆሮና የምላስ ሥራ ስለሆነ ልጁ ሰሌዳውን ጭራሽ ሳያይ ሊወጣው ይችላል። ከደሴ ወደ ወልድያ ሲመላለስ ያደገ ሰው የመንገዱን ከተሞች «ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ» ብሎ በተራ ይጠራል፤ ነገር ግን ከተሞቹን በስማቸው ተራ ብቻ የሚያውቅ ሰው ተኝቶ ድንገት መርሳ ላይ ቢቀሰቀስ፣ ከደሴ ጀምሮ ካልቆጠረ በቀር የት እንዳለ መናገር አይችልም።

በዜማ ብቻ የቆጠረውን ልጅ መለየት ከባድ አይደለም። «ቲ»ን ለብቻዋ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ማሳየት ይበቃል። ልጁ ወዲያው «ቲ» ካለ ያውቃታል። ከንፈሩ በዝግታ ሲንቀሳቀስ ከታየ ግን «ተ፣ ቱ፣ ቲ» እያለ ከቤቷ፣ ማለትም ከሰባቱ ፊደሎች መደዳ፣ ራስ ተነሥቶ እየተጓዘባት ነው፤ አንዳንዱም «ተ» ራሷ የት እንዳለች ለማግኘት ከ«ሀ» ይጀምራል። አንድን ፊደል ለመለየት ይህን ያህል የሚደክም ልጅ ባለ አራት ፊደል ቃል መጨረሻ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ድምፅ ረስቶታል። ቃሉ አይገጥምለትም፤ ካልገጠመለትም ትርጉም የለውም፤ ትርጉም ያላገኘበትን ነገር ደግሞ የአምስት ዓመት ልጅ ደጋግሞ አይሞክረውም።

በኬጂ ዕድሜ ለንባብ የሚያዘጋጁ ችሎታዎች እንግዲህ ከፊደል ቆጠራ ሰፋ ይላሉ። ልጁ የሚሰማውን ቃል ወደ ትንንሽ ድምፆች መከፋፈል መቻሉ የድምፅ ግንዛቤ ይባላል። ፊደልን ከድምፁ ጋር ማዛመዱ የፊደል ዕውቀት ነው። ብዙ ቃል ማወቁ፣ የሰማውን ታሪክ መልሶ መናገሩ የንግግር ቋንቋ ነው። መጽሐፍ ከየት እንደሚገለጥ፣ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚሄድ፣ የሚነበበው ሥዕሉ ሳይሆን ጽሑፉ እንደሆነ ማወቁም አለ፤ ይህ ለአዋቂ የማይነገር ነገር ይምሰል እንጂ ቤቱ ውስጥ መጽሐፍ ላላየ ልጅ አዲስ ትምህርት ነው።

ከዐይን በፊት ጆሮ የሚባለው ለምንድን ነው?

ፊደል የድምፅ ምልክት ነው። ድምፁን ለይቶ ያልሰማ ልጅ ምልክቱ ለምን እንደቆመ አይገባውም። ለአዋቂ «ላም» የሚለው ቃል በ«ላ» ተጀምሮ በ«ም» እንደሚያልቅ ግልጽ ነው፤ ለአራት ዓመት ልጅ ግን «ላም» ሣር የምትግጠው እንስሳ ናት እንጂ የድምፅ ቅንብር አይደለችም። «ላም በምን ይጀምራል?» ብትሉት «በጭንቅላቷ» ሊላችሁ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ልጁ ከቃሉ ትርጉም ጎን ለጎን ድምፁንም ማዳመጥ እንዲለምድ ማድረግ ነው፤ ለዚህም ወረቀትም እርሳስም አያስፈልግም።

መሣሪያው ከቤታችን ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ልጅ የሁለቱ ቃላት መጨረሻ አንድ ዓይነት ድምፅ እንዳለው ጆሮው ይዞታል፤ መምህሯ የቀራት «በረትና ተረት ምናቸው ይመሳሰላል?» ብሎ መጠየቅ ነው። «እንቆቅልህ» «ምን አውቅልህ» ልጁ ቃልን ከመግለጫው እንዲያወጣ ያደርገዋል። ተለቅ ያሉ ልጆች ሌላው እንዳይሰማቸው በየቃሉ መሐል ድምፅ እየጨመሩ የሚያወሩት «የወፍ ቋንቋ»ም ቢሆን ቃልን ሰብሮ መገጣጠም ካልቻሉ በስተቀር የማይሆን ነገር ነው። ይህን የሚጫወት ልጅ ለንባብ ደርሷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ብዙ መምህራን ክፍል ውስጥ ዝም የሚያሰኙት ግን ይህንኑ ጨዋታ ነው።

«ኮምቦልቻ» ስንት ጭብጨባ ናት?

የልጁን ጆሮ ከፊደሉ ጋር የሚያገናኘው ቀላሉ ጨዋታ ቃልን እየቆራረጡ ማጨብጨብ ነው። «ደ-ሴ» ሁለት ጭብጨባ ነው፤ ሲጻፍም ሁለት ፊደል ነው። «ቆ-ቦ» እንዲሁ። «ከ-ሚ-ሴ» ሦስት በሦስት፣ «ላ-ሊ-በ-ላ» አራት በአራት ነው። በእነዚህ ቃላት እያንዳንዱ ጭብጨባ የራሱ ፊደል ስላለው ልጁ የፊደልን ምሥጢር በአንድ ቀን ሊያየው ይችላል፤ እጁ ባጨበጨበ ቁጥር ጣቱ ወደሚቀጥለው ፊደል ይሄዳል።

አሁን «ኮምቦልቻ»ን እንሞክር። «ኮም-ቦል-ቻ» ተብላ ሦስት ጊዜ ይጨበጨባል፤ የምትጻፈው ግን በአምስት ፊደል ነው። «መር-ሳ» ሁለት ጭብጨባና ሦስት ፊደል ናት። «ሐይቅ» ሦስት ፊደል ይዛ በአንድ ጭብጨባ ታልቃለች። ልዩነቱን የሚያመጣው ሳድስ፣ ማለትም ከየቤቱ ስድስተኛው ፊደል ነው። ሳድስ አንዳንድ ጊዜ የራሱን አጭር ድምፅ ይዞ ይነበባል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ድምፁን ጥሎ ከፊቱ ባለው ፊደል ላይ ይደገፋል፤ ፊደሉ ግን ሁለቱንም ጊዜ አንድ ነው። «ትምህርት» የሚለው ቃል ውስጥ «ት» ሁለት ጊዜ አለች፤ መጀመሪያ ላይ ያለችው እና መጨረሻ ላይ ያለችው እኩል አይነበቡም። ልጁ በሀሁ ተራ «ት» ብሎ የቆጠረውን ድምፅ በየቦታው ሙሉውን ካወጣው «ሐይቅ»ን ሦስት ቦታ ሰባብሮ ያነባታል፤ ከተማዋም ያቺ የሚያውቃት ሐይቅ መሆኗ ይጠፋበታል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ይመስለኛል። ለጀማሪ የሚሰጡ ቃላት «ደሴ»ን፣ «ቆቦ»ን፣ «ላሊበላ»ን የሚመስሉ፣ ጭብጨባቸውና ፊደላቸው እኩል የሆኑ ቢሆኑ ይመረጣል። እነ «መርሳ» ቀጥለው ይመጣሉ፤ «ሐይቅ»ና «ኮምቦልቻ» ልጁ ሳድስ ምን እንደሚያደርግ ከለመደ በኋላ ነው። ቃል በአጭርነቱ ቀለለ ተብሎ አይመረጥም፤ «ሐይቅ» ከ«ላሊበላ» በፊደል ብታንስም ለጀማሪ ትከብዳለች።

ፊደላችን ለሕፃን ይቀላል ወይስ ይከብዳል?

ሁለቱም እውነት ነው። የሚቀልለው ፊደሉ የሚጠራበት ስምና የሚነበብበት ድምፅ አንድ በመሆኑ ነው፤ «መ» ስሟም ድምፅዋም «መ» ነው። የሚከብደው ብዛቱ ነው። ሠላሳ ሦስቱ ቤቶች በሰባት ሲባዙ 231 ፊደል ይሆናሉ፤ «ቋ»፣ «ጓ» እና «ቨ»ን የመሳሰሉት ገና አልተቆጠሩም።

ደግነቱ አብዛኛው ቤት የሚገነባው በሥርዓት ነው። «ሉ»፣ «ሙ»፣ «ቡ» ከጎናቸው መስመር ያወጣሉ፤ «ሊ»፣ «ሚ»፣ «ቢ» መስመሩን ከእግራቸው ሥር ያደርጋሉ፤ «ሌ»፣ «ሜ»፣ «ቤ» እግራቸው ላይ ቀለበት አላቸው። «ሰ» ራሷ ላይ መስመር ሲጨመርባት «ሸ»፣ «ነ» «ኘ»፣ «ደ» «ጀ»፣ «ዘ» «ዠ» ይሆናሉ። ይህ ሥርዓት እንዲታየው የተደረገ ልጅ 231 የተለያዩ ሥዕሎች ከመያዝ ይድናል። ሥርዓቱ ግን ምሉዕ አይደለም፤ «ሩ»ና «ፉ» ከ«ሉ»ና ከ«ሙ» ጋር አይሄዱም፣ ሳድስና ሰባተኛው ፊደል ሳብዕም ከቤት ቤት መልካቸውን ይለዋውጣሉ። እነዚህ በተለይ መደጋገም የሚፈልጉ ስለሆኑ መምህሯ ለይታ ብታውቃቸው ጊዜ ትቆጥባለች።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር ፊደሉ የማይጽፈው ድምፅ መኖሩ ነው። ማጥበቅና ማላላት በጽሑፍ አይታዩም። «ገና» በዓሉም ሊሆን ይችላል፣ «ገና አልመጣም» የሚለውም ሊሆን ይችላል፤ «ዋና» ወንዝ ውስጥ የሚዋኘውም ነው፣ ዋነኛው ለማለትም ነው። አንባቢ የሚለየው ከዐረፍተ ነገሩ ነው፤ ይህም ማለት ቋንቋውን አስቀድሞ በጆሮው ካላወቀ ፊደሉን ሁሉ ቢያውቅም በትክክል አያነበውም። ተረት መስማትና ማውራት ከፊደል ትምህርት እኩል ጊዜ ይሰጠው የሚባለው ለዚህ ጭምር ነው።

ፊደሉ በየትኛው ተራ ይሰጥ?

ልማዳችን ከ«ሀ» መጀመር ነው። ለልጁ ከታሰበ ግን ከዚህ የከፋ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል። በአማርኛ «ሀ»ና «ሃ» በድምፅ አይለያዩም፤ ስለዚህ ልጁ በመጀመሪያው መስመር ላይ ብቻ ሁለት መልክ ያለው አንድ ድምፅ ይገጥመዋል። ከዚያ አንድ ቤት አልፎ «ሐ» ይመጣል፣ ቆይቶ ደግሞ «ኀ»፤ ሦስቱንም «ሀ» ነው የሚላቸው። «ሰ»ና «ሠ»፣ «አ»ና «ዐ»፣ «ጸ»ና «ፀ»ም እንዲሁ ናቸው። የእነዚህ ፊደላት ልዩነት በግእዝ የራሱ ዋጋ ያለው ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ ግን በመጀመሪያው ወር ሊሸከመው አይገባም፣ ለኋላ ይቆየው።

በንባብ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚመክሩት በቃላት ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሚያጋጥሙ፣ በመልክና በድምፅ ከማይምታቱ ጥቂት ቤቶች መጀመርን ነው። ለምሳሌ የ«ለ»ን፣ የ«መ»ንና የ«በ»ን ቤት ብቻ የተማረ ልጅ በእጁ ምን እንዳለ እንመልከት። «በላ»፣ «ሎሚ»፣ «ሌባ»፣ «ማማ» ያነባል፤ ሳድስ ሲጨመርለት «ላም»፣ «ልብ»፣ «ባል» ያነባል። ከዚህም አልፎ «ማሞ ሎሚ በላ» የሚል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ያነባል፤ ሦስቱም ቃላት ከእነዚያው ሦስት ቤቶች የወጡ ናቸው። ማን በላ፣ ምን በላ ተብሎ ሲጠየቅም ይመልሳል። ሠላሳ ቤት የቀረው ልጅ ዛሬውኑ አንባቢ ሆነ ማለት ነው፤ ሠላሳ ሦስቱን በዜማ የጨረሰው ጓደኛው ደግሞ ያቺን ዐረፍተ ነገር ፊት ለፊቱ አድርጎ ሊቸገር ይችላል።

ቀጥሎ «ተ»፣ «ነ»፣ «ከ»፣ «የ»፣ «ደ» እያሉ አንድ አንድ ቤት መጨመር ነው። አዲስ ቤት በመጣ ቁጥር በእሱና በቀደሙት ብቻ የሚነበቡ ቃላት ይዘጋጃሉ። የልጁ የራሱ ስም ግን ተራውን መጠበቅ የለበትም፤ ስሙ የተጻፈበት ካርቶን ወንበሩ ላይ ወይም ቦርሳው ላይ ከመጀመሪያው ቀን ቢኖር ጥሩ ነው፤ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ጽሑፍ ስሙን ነው።

የየኔታና የሸኾቹ ዘዴ ተሳስቶ ነበር ወይ?

ይህ ጥያቄ በወሎ መነሣቱ አይቀርም፤ ሁለት የቆዩ የንባብ ትምህርት ወጎች ጎን ለጎን የኖሩበት አገር ነውና። በአንድ በኩል በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በቅኔው የታወቀው ዋድላ አሉ፤ በሌላ በኩል ጀማ ንጉሥና ዳና የመሳሰሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት አሉ። የዛሬው ወላጅ ብዙው አያቶቹ ከነዚህ ከአንዱ የተማሩለት ነው፤ «እነሱ በሀሁ ዜማ አይደል እንዴ የተማሩት?» ቢል አይፈረድበትም።

ግን ዜማው የትምህርቱ መጀመሪያ ብቻ ነበር። የኔታ ዘንድ ልጁ በስንደዶ እያንዳንዷን ፊደል እየነካ ነው የሚቆጥረው፤ ዐይኑና ምላሱ እንዲነጣጠሉ አይፈቀድለትም። ሀሁን ሲጨርስ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ» ይሰጠዋል፤ አቡጊዳ ፊደሎቹን ከቤታቸው አውጥቶ የሚያቀላቅል ገበታ ስለሆነ በዜማ ብቻ የመጣ ልጅ እዚያ ላይ ይጋለጣል። ከላይ በ«ቲ» የሞከርነውን ፈተና አባቶች ከእኛ በፊት አውቀውት ነበር ማለት ነው። ከዚያም ግእዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ በየደረጃው ያድጋል። ቁርአን ቤት የገባውም ልጅ በሉሑ፣ ማለትም በእንጨት ሰሌዳው፣ ላይ የተጻፈለትን ለሸኹ ለብቻው ያሰማል፤ ያንን ሳያውቅ አዲስ አይጻፍለትም። በሁለቱም ዘንድ ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስጠናል።

የዘመኑ ክፍል ከዚህ ሁሉ የወሰደው የኅብረት ዜማውን ነው። መምህሯ በዱላ ሰሌዳውን ትጠቁማለች፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ፣ ከመሐላቸው አሥሩ ሰሌዳውን ሳያዩ ቢጮኹ የሚያውቅ የለም። የተተወው አንድ በአንድ ማሰማቱና አቡጊዳው ነው፤ መቅረት ያልነበረባቸው ደግሞ እነሱ ነበሩ። ክፍሉ ውስጥ ብዙ ልጅ ሲኖር ሁሉንም በየቀኑ ማዳመጥ ይከብዳል፤ ሆኖም ሌሎቹ በሥዕል ወይም በጨዋታ ተጠምደው ሳለ በቀን ጥቂት ልጆችን ተራ በተራ አስጠግቶ ማስነበብ ይቻላል።

ከኬጂው ጎን ለጎን ቁርአን ቤት የሚሄድ ልጅ ይምታታበታል የሚል ስጋትም ይሰማል። አቅጣጫው ከቀኝ ወደ ግራ ስለሆነ በመጀመሪያ ጥቂት መሳሳት ሊኖር ይችላል፤ ጥቅሙ ግን ይበልጣል። አንድ የዐረብኛ ፊደል ፈትሐ፣ ከስራ ወይም ደማ የተባሉት የአናባቢ ምልክቶች ሲደረጉበት ድምፁ እንደሚለወጥ የለመደ ልጅ «ለ» ወደ «ሉ» እና ወደ «ሊ» መለወጧ አያስደንቀውም።

ኤቢሲዲው አብሮ ቢጀመርስ?

በከተማ የግል ኬጂዎች እንግሊዝኛ አብሮ ይሰጣል፤ ወላጅም ልጁ «አፕል» ሲል ደስ ይለዋል። ቃላትንና ዝማሬን በአፍ መለማመዱ ጉዳት የለውም። ችግር የሚመጣው ሁለቱ ጽሕፈቶች በአንድ ሳምንት ሲጫኑ ነው፤ የእንግሊዝኛ ፊደል ስሙና ድምፁ የተለያየ ስለሆነ «ቢ» የተባለችው ፊደል ቃል ውስጥ ስትገባ «ብ» ትሆናለች፣ ልጁ ግን በአማርኛ የተማረው ስምና ድምፅ አንድ መሆናቸውን ነው። በአንዱ ጽሕፈት ማንበብ የጀመረ ልጅ ፊደል ድምፅን እንደሚወክል ስለገባው ሁለተኛው ላይ እንደ አዲስ አይደክምም። ስለዚህ አንዱ ቢቀድም ይሻላል፤ የሚቀድመውም ልጁ የሚናገርበት ቋንቋ ነው።

የሚናገርበት ቋንቋ አማርኛ ላይሆንም ይችላል። በከሚሴና በአካባቢው ኦሮምኛ፣ በሰቆጣ በኩል ኽምጣኛ የሚናገሩ ቤተሰቦች አሉ፤ በክልሉ በእነዚህ ቋንቋዎች የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም አሉ። ቤቱ ኦሮምኛ ሰምቶ ያደገ ልጅ በአማርኛ ክፍል ከተቀመጠ ደግሞ መምህሯ ፊደሉን ከማሳየቷ በፊት ቃሉን ማሳወቅ አለባት፤ «ላም» ምን እንደሆነች ሳያውቅ «ላም» ብሎ ቢያነብ ድምፅ አወጣ እንጂ አላነበበም።

እርሳስስ መቼ ይያዝ?

ማንበብና መጻፍ ቢረዳዱም እጅ ከዐይን ዘግይቶ ይበስላል። የአራት ዓመት ልጅ ፊደሉን ለይቶ እያወቀ በሁለት መስመር መሐል መጻፍ ቢያቅተው ጣቶቹ አልጠኑም ማለት ነው። ጭቃ ማድቦልቦል፣ ዶቃ በክር መሰካት፣ አፈር ላይ በጣት ትልቅ አድርጎ መሣል ለጣቶቹ ጉልበት ይሰጣሉ። አንድ ገጽ ሙሉ «ሀ» ጻፍ ብሎ ማዘዝ ግን ከአምስተኛው በኋላ ያሉትን ፊደሎች ልጁ ሳያያቸው እንዲገለብጣቸው ያደርጋል፤ የደብተሩ መሙላት ለወላጅ የሚታይ ሥራ ስለሆነ ልማዱ አልቀረም እንጂ ለንባብ የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው።

ፊደል ያልቆጠረ ወላጅ ምን ሊያግዝ ይችላል?

ብዙ። ቡና ሲፈላ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ልጁ የዋለበትን የሚተርክበት፣ ከአያቱ ተረት የሚሰማበት ረጅም ሰዓት ነው። «ከዚያስ?» «ለምን እንደዚያ አደረገ?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች የታሪክን ሂደት መከተል ያስለምዱታል፤ ይህም ኋላ አንብቦ መረዳት የሚባለው ችሎታ ነው። ገበያ ሲወርዱ የሱቁን ጽሑፍ፣ የስኳሩን ከረጢት፣ የታክሲውን ታፔላ እያሳዩ «ይሄ ምን ይላል?» ማለትም ይቻላል፤ እናት ራሷ ማንበብ ባትችል እንኳ ልጁ አስተማሪ በመሆኑ ኩራት ይሰማዋል። ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ቤት ውስጥ ካለ ማታ ማታ ጥቂት ቃል ያስነብበው።

ትምህርት የተቋረጠበት ልጅ ከየት ይጀምር?

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ጨምሮ ወደ ወሎ ሲዘልቅ ብዙ ክፍሎች ፈርሰዋል፣ ቁሳቁሳቸውም ተዘርፏል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ባለው ግጭትም ትምህርት የተስተጓጎለባቸው ወረዳዎች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ኬጂን ሳያይ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ክፍል የተቀመጠ ልጅ ማግኘት የተለመደ ሆኗል። ዕድሜው ገፍቷል ተብሎ የድምፅ ጨዋታው ሊዘለልበት አይገባም። ከታናናሾቹ የሚለየው ቶሎ የሚያልፈው በመሆኑ ብቻ ነው፤ ብዙ ቃል ያውቃል፣ ጣቶቹም ጠንክረዋል። በክፍሉ መጽሐፍ ገጽ ላይ እኩዮቹ የደረሱበት ላይ ማስቀመጡ ግን ዓመቱን በሙሉ የሌሎችን ድምፅ እየተከተለ ከንፈር እንዲያንቀሳቅስ ያደርገዋል።

ልጁ እየሄደ መሆኑ በምን ይታወቃል?

በኬጂው ማብቂያ አቀላጥፎ ማንበብ አይጠበቅም። የሚጠበቀው ተመጣጣኝ ነው፤ የተነገረውን ቃል በጭብጨባ ይከፋፍላል፣ ቃሉ በምን ድምፅ እንደሚጀምር ይናገራል፣ የተማራቸውን ፊደላት ከተራቸው ውጪ ይለያል፣ በእነሱ የተሠሩ አጫጭር ቃላትን ያነባል፣ የሰማውን ተረት በራሱ አባባል ይመልሳል። ወላጅ የወላጆች ቀን ሲጠራ «ስንት ፊደል ደረሰ?» ከማለት ይልቅ «በሚያውቃቸው ፊደላት ምን ቃል ያነባል?» ቢል ከመምህሯ የሚያገኘው መልስ የተሻለ ይሆናል። ልጁ ቃላቱን በቃሉ ይዞ እንዳይሆን ከተጠረጠረም «ሎቤ»፣ «ሙቦ» የመሰለ ትርጉም የሌለው ቃል ጽፎ ማስነበብ ነው፤ በግምት የሚሄድ ልጅ እዚህ ላይ ወደሚያውቀው ቃል ይቀይረዋል፣ የሚያነብ ልጅ እየሳቀም ቢሆን እንዳለ ያነበዋል።

«በ»ንና «ሰ»ን፣ «ተ»ንና «ቸ»ን ማምታታት፣ አንዳንዴም ፊደል ገልብጦ መጻፍ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ስለሆነ አያስደነግጥም። ትኩረት የሚሻው ሌላ ምልክት ነው፤ ሲጠሩት ዞር የማይል፣ ተቀራራቢ ድምፆችን ዘወትር የሚያደባልቅ፣ ጆሮው በተደጋጋሚ የሚመግልበት ልጅ ካለ፣ ወይም ሰሌዳውን ለማየት ዐይኑን የሚያጠብና ወረቀቱን አፍንጫው ድረስ የሚያስጠጋ ከሆነ፣ ክፍል እንዲደግም ከመወሰኑ በፊት ጤና ጣቢያ ወስዶ ጆሮውንና ዐይኑን ማስመርመር ይገባል።